ጥርስ ላለው ቢላዋ ስንት ይከፈላል?

(የመግቢያ ዜማ፦ ክራር ለጥቂት ጊዜ ጎልቶ ይሰማና ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

እነሆ የዘመን መለወጫ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ብቻ ቀርተውታልና በቶሮንቶና በዙሪያዋ በየቤቱ ሊጥ ሊቦካ፣ ድፎ ሊደፋ፣ ኮባ ያጣውም ሁሉ ወደ ስፓዳይና ጎዳና ወርዶ ከቻይናዎቹ ሱቅ በበረዶ የተቀመጠውን የሙዝ ቅጠል ሊገዛ ነው።

ዛሬ የምንነጋገረው ግን ስለ ሊጡም ስለ ቅጠሉም አይደለም፤ ዳቦው በስሎ፣ በአባት አፍ ተባርኮ ካበቃ በኋላ ወደ እጃችን ስለሚመጣው መሣሪያ፣ ስለ ባለ ጥርሱ ቢላዋ ነው። ጥያቄያችንም አንድ ነው፤ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ እያብረቀረቀ ሁለት መቶ ዶላርና ከዚያም በላይ የተጻፈበት ጥርሳም ቢላዋ ያን ያህል ገንዘብ ሊወጣበት የተገባ ነውን?

(ዜማው ይጠፋል)

ወደዚህ ጉዳይ ያመጣኝ ካቻምና በሐምሌ ወር በገዛ ቤቴ የሆነ ነገር ነው። የአንድ ወዳጄ ልጅ፣ ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ፀጉሩን በወጉ አበጥሮ፣ አንድ ጥቁር ቦርሳ አንግቦ መጣና «ጋሼ፣ እንድትገዙ አይደለም፤ ሠላሳ ደቂቃ ብቻ አዳምጡኝ፣ ለልምምድ ነው» አለን።

ባለቤቴ እንደ ወጋችን ቡና አቀረበች። ልጁም ከቦርሳው ወፍራም ገመድ አውጥቶ በመጀመሪያ የእኛን ቢላዋ ተቀበለና ሲገዘግዝበት፣ ቢላዋችን ሸሸ፣ ተንሸራተተ፣ አልቆርጥም አለ፤ በእርሱ ባለ ጥርስ ቢላዋ ግን ሁለት ጊዜ ሳብ ቢያደርገው ገመዱ ለሁለት ተከፍሎ ጫፉ ከረከቦቱ ላይ ወደቀ።

እውነቱን ልንገራችሁና አፋችንን ይዘን ቀረን። ከዚያ በኋላ ቲማቲም መጣ፣ ከዚያ የቆዳ ቁራጭ መጣ፣ ከዚያም የዋጋው ወረቀት መጣ፤ እኔም የአንድ ወር የአስቤዛ ገንዘባችንን የሚያህል ሒሳብ በተጻፈበት ውል ላይ ፈረምሁ። የፈረምሁትም ቢላዋው አስፈልጎኝ ሳይሆን፣ የወዳጄን ልጅ በባዶ እጁ ሰድጄ ነገ አባቱን በምን ዓይኔ አየዋለሁ በሚል ይሉኝታ ነበር።

ልጁ ከሄደ በኋላ ባለቤቴ ስኒውን እየለቀመች፣ ቀና ሳትል፣ «ለመሆኑ በዚህ ቤት ገመድ የሚበላ ማን አለ?» አለችኝ።

(አጭር ዕረፍት)

አድማጮቼ፣ ይህችን ጥያቄ ያዙልኝ፤ በዛሬው ንግግራችን መካከል ደጋግመን እንመለስባታለን። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ቢላዋው ገመዱን እንዴት እንደዚያ በጠሰው? የጥርሱ ምሥጢር ምንድር ነው?

ለዚህ ምላሽ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም፤ የገበሬውን ማጭድ አስቡ። ጤፍ የሚያጭደው ገበሬ በእጁ የሚይዘው ማጭድ ስለቱ ልሙጥ አይደለም፤ ጥቃቅን ጥርስ አለው። ጥርሱም አገዳውን ይዞ እንዳይሸሽ ያደርገዋል፤ ገበሬው ወደ ራሱ ሲስበው እያንዳንዷ ጥርስ ጥቂት ጥቂት እየበጠሰች ታልፋለች። እንግዲህ የፈረንጁ የዳቦ ቢላዋ የማጭዳችን የቅርብ ዘመድ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልሙጥ ቢላዋ በምንጫነው ጊዜ ጉልበታችን በስለቱ ርዝመት ሁሉ ላይ ተከፋፍሎ ያርፋል፤ ጥርሳሙ ግን ዳቦውን በጥርሶቹ ጫፍ ብቻ ስለሚነካ፣ ያው ጉልበት በጥቂት ነጥቦች ላይ ተሰብስቦ ጠንካራውን ቅርፊት ይበሳዋል። ከተበሳ በኋላ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ጎድጓዳ ስለት ገብቶ የቀረውን ይቆርጣል። ማለትም ጥርሱ በር ይከፍታል፣ ጎድጓዳው ደግሞ ይገባል።

ሁለተኛም ነገር አለ፤ ይህን በተለይ አስተውሉልኝ። ቢላዋው ከመክተፊያው ጣውላ ጋር ሲገናኝ የሚላተመው የጥርሱ ጫፍ እንጂ ጎድጓዳው አይደለም፤ ስለዚህ ጎድጓዳው ውስጥ ያለው ስለት ሳይደነዝዝ ለብዙ ዓመት ይኖራል። ጫፉ ቢደነዝዝ እንኳ ቢላዋው እንደ መጋዝ እየገዘገዘ መሥራቱን አይተውም።

ሻጮች «መሳል የማያስፈልገው ቢላዋ» ሲሉ የምትሰሙት ከዚህ የተነሣ ነው። አባባሉ ከግማሽ በላይ እውነት አለው። ነገር ግን የዚያው እውነት ሌላው ፊት ሲገለጥ ምን ይላል? ባለ ሠላሳ ዶላሩም ጥርሳም ቢላዋ ቢሆን በዚሁ በጥርሱ ቅርፅ ምክንያት ለብዙ ዓመት ያገለግላል ይላል። ሥራውን የሚሠራው በይበልጥ ቅርፁ ነው፤ የብረቱ ክብርና የስሙ ጥንታዊነት ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ደግሜ ልበለው፤ በልሙጡ ቢላዋ ዘንድ ብረቱ ይነግሣል፣ በጥርሳሙ ዘንድ ግን ቅርፁ ይነግሣል።

(የክራር ድምፅ፣ ጥቂት)

አሁን ደግሞ ወደ ማዕዳችን እንቅረብ። ቋንቋችን ስለ ዳቦ ሲናገር ከ«ቆረጠ» ይልቅ «ቆረሰ» ማለትን ይመርጣል፤ ይህም እጅ ከቢላዋ በፊት እንደ ነበረ የሚመሰክር ይመስለኛል። በቤተ ክርስቲያናችንም ሥርዓት በቅዳሴ ጊዜ ኅብስቱ በካህኑ እጅ ይፈተታል እንጂ ስለት አይነካውም።

የበዓሉ ድፎ ግን ሌላ ነው። ወርዱ ሰፊ፣ ቁመቱ ከፍ ያለ፣ ላዩ በእሳት የጠነከረ፣ ሆዱ ግን እንደ ጥጥ የለሰለሰ ነውና፣ በልሙጥ ቢላዋ ቢጫኑት ቅርፊቱ እሺ ሳይል ሆዱ ይጨፈለቃል፤ እናት ሌሊቱን ሙሉ የጠበቀችው እርሾ ያነሣው ዳቦ በአንድ ግፊት ወደ ሊጥነቱ የሚመለስ ይመስላል።

እስቲ በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት። አባት መርቀው ከጨረሱ በኋላ ታላቂቱ እኅት ረጅሙን ጥርሳም ቢላዋ ታነሣለች፤ ግራ እጇን በዳቦው ትከሻ ላይ ታሳርፋለች፤ ሳትጫን፣ ቢላዋውን ከእጀታው አጠገብ እስከ ጫፉ ድረስ ረጅም አድርጋ ትስበዋለች። የመጀመሪያው ድምፅ ሸካራ ነው፣ ቅርፊቱ ነው፤ ከዚያ ድምፁ ይጠፋል፣ ሆዱ ውስጥ ገብቷል፤ በመጨረሻ ደግሞ የታችኛው ቅርፊትና የደረቀው ቅጠል ኰሽ ይላሉ። ቁራጩ ሲነሣ ዓይኑ እንደ ተከፈተ፣ እንፋሎቱ እንደ ወጣ ይቀራል።

ለዚህ ሥራ ጥርሳም ቢላዋ ተወዳዳሪ የለውም። ለሕምባሻውም፣ በቡሄ ለሚመጣው ሙልሙልም፣ ለኬኩም፣ ቆዳው ወፍሮ ሥጋው ለሚልመው ቲማቲምም እንደዚሁ ነው። ውጩ ጠንክሮ ውስጡ የለሰለሰ ነገር ሁሉ የጥርሳሙ ድርሻ ነው ብላችሁ ያዙት።

ነገር ግን አድማጮቼ፣ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ድፎ ትቆርሳላችሁ? ለእንቁጣጣሽ፣ ለመስቀል፣ ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለልጅ ክርስትናና ለማኅበር ስትሉ ብትቈጥሩት እንኳ ከሁለቱ እጆቻችሁ ጣቶች ብዙም አያልፍም፤ ምክንያቱም የዘወትሩ ዳቦ ከሱቅ የሚመጣው ተቆርጦ ነው።

(በዚህ አጋጣሚ አንዲት ወሬ ላጫውታችሁ። ኦቶ ሮህዌደር የተባለው አሜሪካዊ የሠራው ዳቦ ቆራጭ መኪና ለመጀመሪያ ጊዜ የተቆረጠ ዳቦ ለገበያ ያቀረበው በሚዙሪ ግዛት፣ ቺሊኮቲ በተባለች ትንሽ ከተማ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሐምሌ 1928 ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን፣ በጥር 1943፣ የአሜሪካ መንግሥት ተቆርጦ የሚሸጠውን ዳቦ ከልክሎ ነበር፤ የቤት እመቤቶቹ ግን እጅግ ስለ ተቈጡ ክልከላው ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው በመጋቢት ተነሣ። ሰው ከለመደው ምቾት ሲለይ እንዴት እንደሚሆን አያችሁ?)

(ዕረፍት)

እንግዲህ የዘወትር ሥራችን ምንድር ነው? እዚህ ላይ ነው የባለቤቴ ጥያቄ የሚመለሰው። በእኛ ቤት ገመድ አይበላም። በእኛ ቤት የሚበላው ሽንኩርት ነው፤ ያውም በኪሎ።

ለአንድ ዶሮ ወጥ የሚከተፈውን ቀይ ሽንኩርት አስቡ። ሽንኩርቱ ደቅቆ፣ እኩል ሆኖ፣ ውኃውን ሳይለቅ መከተፍ አለበት፤ አለዚያ ቁሌቱ አይቀልጥም፣ አንዱ ያራል፣ አንዱ ጥሬ ይቀራል። ጥርሳም ቢላዋ ደግሞ ሽንኩርቱን ይበጥሰዋል እንጂ በንጹሕ አይቆርጠውም። በተበጠሰም ቁጥር ዓይን የሚያቃጥለው ጭሱ ይበዛል፤ እንባችን የሚወርደው ሽንኩርቱ ስለ ከፋ ብቻ ሳይሆን ቢላዋችን የሚቦጫጭቅ ስለ ሆነ ጭምር ነው።

ዶሮዋንስ? አሥራ ሁለቱን ብልት በወጉ ለማውጣት የቢላዋው ጫፍ መገጣጠሚያውን እየፈለገ፣ በጅማትና በአጥንት መካከል እየሾለከ መሄድ አለበት። ጥርሱ በአጥንቱ ላይ ይንገጫገጫል፤ ቆዳውንም ይተለትላል። ክትፎውንማ ተዉት፤ ሥጋን በጥርሳም ቢላዋ የሚከትፍ ሰው ቢያጋጥመኝ ቢላዋውን ከእጁ እቀማዋለሁ።

ጎመኑም፣ ቃሪያውም፣ ዝንጅብሉም፣ ነጭ ሽንኩርቱም የልሙጡ ቢላዋ ድርሻ ናቸው። ስለዚህ በሐበሻ ወጥ ቤት ውስጥ ከአሥር ሥራ ዘጠኙን የሚሠራው ልሙጡ ነው፤ ጥርሳሙ እንደ በዓል ልብስ ነው፣ አስፈላጊ ቢሆንም ዘወትር አይለበስም።

ታዲያ ያ ገመድ በእኛ ቢላዋ ለምን አልተቆረጠም? ከጊዜ በኋላ ነው የገባኝ። ቢላዋችን ልሙጥ ስለ ሆነ አልነበረም፤ ከሦስት ዓመት ወዲህ ያልተሳለ ስለ ነበረ ነው! የተሳለ ጥርሳም ቢላዋ ከደነዘዘ ልሙጥ ቢላዋ ጋር ቢወዳደር ማን እንደሚያሸንፍ ለማወቅ ሠላሳ ደቂቃም አያስፈልግም።

(የክራር ድምፅ፣ ጥቂት)

እንግዲህ ስለ መሳል ከተነሣ አንድ ሁለት ነገር ልበል። አገር ቤት እናቶቻችን ቢላዋውን በደጃፉ ድንጋይ ላይ፣ ወይም ባልተለበጠው የስኒ ቂጥ ላይ ፈጨት ፈጨት አድርገው ሥራቸውን ይቀጥሉ ነበር። ልሙጥ ቢላዋ እንዲህ ቀላል ነው። በዚህች በቶሮንቶም ቢሆን በበጋ ወራት በየሠፈሩ ደወል እየደወለ በመኪና የሚዞር ቢላዋ የሚስል ሰው አለ፤ ድምፁ የአይስክሬም መኪና መስሏቸው ልጆች ሮጠው ሲወጡ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ጥርሳሙ ግን ሲደነዝዝ ችግር ነው። በደጃፍ ድንጋይ ቢስሉት ጥርሱ ያልቃል። በወጉ ለመሳል እንደ እርሳስ የቀጠነ የሸክላ ወይም የአልማዝ ብናኝ የተቀባ ዘንግ ተይዞ፣ እያንዳንዱ ጎድጓዳ ለየብቻው መፋቅ አለበት፤ በአንድ ረጅም የዳቦ ቢላዋ ላይ ደግሞ ጥርሱ ሠላሳም አርባም ሊሆን ይችላል። ከዚያም በጀርባው በኩል የሚወጣውን ቀጭን የብረት ልጣጭ በለሆሳስ ማንሣት ይቀራል።

ይህ ትዕግሥት ያለው ሰው ብፁዕ ነው። አብዛኞቻችን ግን የለንም። ስለዚህ ጥርሳሙን ቢላዋ የምንገዛው፣ ለብዙ ዓመት አገልግሎን ሲደክም አመስግነን ልናሰናብተው እንደሆነ አውቀን ነው። ሊሰናበት ለተወሰነለት ዕቃ ደግሞ ለልጅ ልጅ እንደሚወረስ ዕቃ መክፈል ምን ይባላል?

(ዕረፍት)

«እንግዲያው ውዱ ቢላዋ ምን አለው?» ትሉኝ ይሆናል። ፍርድ እንዳይዛባ የእርሱንም ወገን እንስማ።

በጀርመን አገር ዞሊንገን የምትባል የስለት ከተማ አለች፤ ስሟን በቢላዋ ላይ መጻፍ ከ1938 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ሲሆን፣ ከዚያች ከተማ የወጣው ባለ መንትዮች ምልክቱ ፋብሪካ፣ ጽቪሊንግ፣ የተቋቋመው በ1731 ነው። እንዲህ ያሉት ቢላዋዎች ብረታቸው ዝገትን የሚቋቋም፣ ሚዛናቸው የተስተካከለ፣ እጀታቸው በብረት ምስማር የጠበቀ ነው። ክብደታቸውን እጅ ይወደዋል፤ ይህን አልክድም። ከጃፓን የሚመጡትም ብረታቸው ይበልጥ የጠነከረ፣ ስለታቸው ይበልጥ የቀጠነ ነው።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ጥቅም ይበልጥ የሚታየው በልሙጡ ላይ ነው። ዳቦ ስንቆርስ በሠላሳ ዶላሩና በሁለት መቶ ዶላሩ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያውቀው እጃችን ነው፤ ዳቦው አያውቀውም። «ኩክስ ኢላስትሬትድ» የተባለው የአሜሪካ የወጥ ቤት መጽሔትም ብዙ የዳቦ ቢላዋዎችን ጎን ለጎን ፈትኖ፣ ሜርሰር የተባለውን የባለሙያ ምግብ ቤቶች ተራ ቢላዋ እጅግ ከተወደዱት አስበልጦ አስቀምጦታል።

እኔም የራሴን ምስክር ልጨምር። ቶሮንቶ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ ብሎርና ባተርስት ጎዳናዎች በሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ከነበረው ከ«ኦነስት ኤድስ» መደብር አንድ የዳቦ ቢላዋ በጥቂት ዶላር ገዛሁ። የቀድሞ ነዋሪዎች ታስታውሱታላችሁ፤ ኤድ ሚርቪሽ በ1948 ከፍቶት፣ እንደ ቲያትር ቤት ብዙ ሺህ አምፖል እያበራ ለስንቱ አዲስ መጪ ድስቱንም ብርድ ልብሱንም ሲያቀርብ ኖሮ በ2016 መጨረሻ ተዘጋ። መደብሩ ፈርሶ በቦታው ረጃጅም ሕንፃ በቅሏል፤ ቢላዋዬ ግን እጀታው ትንሽ ቢሰነጠቅም እስከ አሁን ድፎ ይቆርሳል።

(የክራር ድምፅ፣ ጥቂት)

አሁን ወደ ሱቅ እንግባ። ዋጋው የተጻፈበትን ወረቀት ለጊዜው ገልብጡትና ቢላዋውን ብቻ ተመልከቱ። ምን ትመለከታላችሁ?

በመጀመሪያ ርዝመቱን። ድፎ ሰፊ ነውና ስለቱ ከ25 ሴንቲ ሜትር የሚያንስ ከሆነ መካከል ላይ ሲደርስ ጫፉ ዳቦው ውስጥ ይሰወራል፤ ያን ጊዜ መሳብ ቀርቶ መግፋት ይሆናል፣ ዳቦውም ይፈረካከሳል። ሁለተኛ ጥርሱን። እጅግ የደቀቀና የተጠጋጋ ጥርስ ፍርፋሪ ያበዛል፤ ሰፋ፣ ጠለቅ ያለ፣ ቁጥሩም ያነሰ ጥርስ ቅርፊቱን በደንብ ይይዛል። በጥፍራችሁ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ጎድጓዳውን ብትነኩት ሰፋ ማለቱ ይታወቃችኋል፤ በጣታችሁ ሥጋ ግን አትሞክሩት።

እጀታው ከስለቱ ከፍ ያለ ቢሆን ደግሞ ቢላዋው ጣውላው ላይ ሲደርስ የጣታችሁ አንጓ አይላተምም። የእጅ መገጣጠሚያ ሕመም ላለባቸው ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በዚህ ምክንያት ጥቂት ዶላር ቢጨመርበት አልነቅፍም።

ግራኞች ሆይ፣ እናንተን አልረሳኋችሁም። ጥርሳም ቢላዋ በአብዛኛው የሚሞረደው በአንድ ወገን ብቻ፣ ያውም ለቀኝ እጅ እንዲመች ሆኖ ነው። በግራ እጅ ሲይዙት ስለቱ ወደ ጎን እየሸሸ ቁራጩን በአንድ በኩል ወፍራም፣ በሌላው ቀጭን ያደርገዋል። ለዘመናት «ዳቦ መቁረስ አታውቅም» ሲባል የኖረ ግራኝ ካለ፣ ጥፋቱ የእርሱ አልነበረም። ለግራኝ የተሞረደ ቢላዋ አለ፤ ጠይቁ። ለእንዲህ ያለውም ቢላዋ ዋጋው ከፍ ቢል ተገቢ ነው።

እንዲህ ያለውን ደኅና ቢላዋ የት እናገኘዋለን? በስፓዳይና ጎዳና ለምግብ ቤቶች ዕቃ የሚሸጡት መደብሮች ዘንድ፣ ምግብ አብሳዮች ራሳቸው ከሚገዙበት መደርደሪያ ላይ ታገኙታላችሁ። የኦንታሪዮን 13 በመቶ ቀረጥ ጨምራችሁ ብታስቡት እንኳ የአንድ ሰው የምሳ ግብዣ ዋጋ ቢያህል ነው። ለቲማቲሙ ደግሞ ቪክቶሪኖክስ የተባለው፣ በ1884 የተቋቋመው የስዊዝ ቤት የሚሠራት፣ ጣት የምታህል ጥርሳም ቢላዋ በጥቂት ዶላር ትገኛለች፤ እኔ ከእርስዋ የተሻለ አላየሁም።

ስለዚህ የእኔ ብያኔ ይህ ነው። አንድ ረጅም የዳቦ ቢላዋ በመካከለኛ ዋጋ፣ አንዲት ትንሽ የቲማቲም ቢላዋ በጥቂት ዶላር፤ ከጥርሳም ወገን ለአንድ ቤት ይህ ይበቃል። የተረፈውን ገንዘብ ለአንድ ደኅና ልሙጥ ቢላዋና በዓመት ሁለት ጊዜ ለመሳያው አውሉት፤ ሽንኩርቱን የሚያየው እርሱ ነውና።

ከዚህ ብያኔ የማወጣቸው አሉ። በዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ምግብ ቤት ወይም ዳቦ ቤት ከፍታችሁ ከጠዋት እስከ ማታ ዳቦ የምትቆርሱ ወገኖቻችን፣ እጃችሁ በቀን ብዙ መቶ ጊዜ ያንን እጀታ ይጨብጣልና ለእናንተ የእጀታው ምቾት የሥራ ጉዳይ ነው፤ ውዱን ብትገዙ አልፈርድባችሁም። የሚያምር መሣሪያ መያዝ ደስ የሚለውና ገንዘቡ ያለው ሰውም ይግዛ፤ ደስታም ዋጋ አለው። ብቻ የገዛሁት ለዳቦው ስል ነው አይበል።

(ዕረፍት)

ከመሰነባበታችን በፊት በእንጥልጥል የቀረውን ታሪኬን ልጨርስ። «ገመድ የሚበላ ማን አለ?» ከተባልሁ በኋላ ያን ምሽት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግሥቱ ውሉን አውጥቼ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን ሳነብ፣ ስለ መሰረዝ የሚናገር አንቀጽ አገኘሁ።

የኦንታሪዮ የ2002 የሸማቾች ጥበቃ ሕግ እንዲህ ይላል፤ አንድ ሰው ሻጩ ወደ ቤቱ መጥቶ ያስፈረመው ውል ዋጋው ከ50 ዶላር በላይ ከሆነ፣ የውሉን ቅጅ ከተቀበለበት ቀን ጀምሮ በ10 ቀን ውስጥ፣ ምክንያት መስጠት ሳያስፈልገው ሊሰርዘው ይችላል። እደግመዋለሁ፤ 10 ቀን፣ ያለ ምንም ምክንያት። ስረዛውን በጽሑፍ አድርጉት፣ ቅጅውንም ለራሳችሁ አስቀሩ።

እኔ በአራተኛው ቀን ሰረዝሁ። የፈራሁት የወዳጄ ልጅም አልተቀየመኝም፤ እንዲያውም ስደውልለት ሳቀና «ጋሼ፣ አባባም እኮ ሰርዘዋል» አለኝ። አሁን ሥራውን ትቶ ትምህርቱን እየጨረሰ ነው፤ ለእንቁጣጣሽ ድፎውን የሚቆርሰው እርሱ ነው፣ በአሮጌው ቢላዋ።

(የመዝጊያ ዜማ፦ ክራር ከሥር ይጀምራል)

እናንተም አድማጮቼ፣ በቅርብ ጊዜ ውስጥ በሳሎናችሁ ተቀምጣችሁ፣ በቡና ላይ፣ ለወዳጅ ልጅ ስትሉ የፈረማችሁት ወረቀት ካለ፣ ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ዛሬውኑ ከመሳቢያው አውጡትና ቅጅውን የተቀበላችሁበትን ቀን ፈልጋችሁ 10 ቀኑን ቁጠሩ።

(ዜማው ከፍ ይላል፤ ያበቃል)